የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምናን በኦንላይን ለመጀመር፦ ከዝግጅቱ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ

የመኪና አደጋ፣ ጦርነት፣ መደፈር፣ በስደት መንገድ ላይ የደረሰ ግፍ። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈባቸው ብዙ ሰዎች ዓመታት ቢቆጠሩም ትዝታው አልለቅ ይላቸዋል። ሌሊት ያባንናቸዋል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። አደጋው የደረሰበትን መንገድ ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ኢኤምዲአር የሚባለው ሕክምና የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው። ታካሚው መጥፎውን ትዝታ ለአጭር ጊዜ እያሰበ ዓይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል። የሠለጠነ ቴራፒስት ደግሞ ሂደቱን ይመራል።

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ቴራፒስቶች ይህን ሕክምና በቪዲዮ ጥሪ ይሰጣሉ። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በከተማው ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ባያገኝ ከሌላ ከተማ ሊያገኝ ይችላል። ግን ዓይን ማንቀሳቀሱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ በፊት በሚደረገው ዝግጅት ነው። ኦንላይን ሲሆን ደግሞ የዝግጅቱ ግማሽ በእርስዎ እጅ ነው። ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ መስመሩ የእርስዎ ነው፤ በሩን የሚዘጉትም እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚሸሸው በዚህ የተነሳ ስለሆነ። የደረሰብዎትን ሁሉ ዘርዝረው መናገር አይጠበቅብዎትም። ቴራፒስቱ የትኛው ትዝታ ላይ እንደሚሠራ በጥቅሉ ማወቅ አለበት። ዝርዝሩን ግን በልብዎ ይዘውት መሥራት ይችላሉ። “ስለዚያ ሌሊት ነው” ማለት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የዘዴው መነሻ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ ናት። በ1987 መናፈሻ ውስጥ እየተራመደች ሳለ ይረብሻት የነበረ ሐሳብ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል እንደቀለላት አስተዋለች። የመጀመሪያ ጥናቷን በ1989 አሳተመች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚመጣው ሕመም፣ ለፒቲኤስዲ ማለት ነው፣ ከሚመከሩት ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2018 ከውጊያ ጋር ላልተያያዘ ትራውማ፣ አስደንጋጭ ክስተት ለሚተወው የአእምሮ ቁስል ማለት ነው፣ መክሮታል። የአሜሪካ የአርበኞች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች በ2017 እና በ2023 ባወጧቸው መመሪያዎች ደግሞ ለወታደሮችም ይመከራል።

ለምን ይሠራል? ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ስለ አእምሮ የሥራ ቦታ ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውስን ነው። ትዝታውን እየያዙ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ሲከተሉ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስሜቱም ይበርዳል። ትዝታው ወደ ማከማቻው የሚመለሰው በዚያው በቀለለ መልኩ ነው። የዓይን እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን ዛሬም ክርክር አለ። ያለ እንቅስቃሴውም ተመሳሳይ ውጤት ያዩ ጥናቶች አሉ፤ እንቅስቃሴው ይረዳል ያሉም አሉ። በዓይን ፈንታ ተራ በተራ ግራና ቀኝ መንካት ወይም በሁለት ጆሮ የሚፈራረቅ ድምፅ መስማትም ይቻላል። ሕክምናው በስክሪን ሊሰጥ የቻለውም ለዚህ ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ዓይን የሚከተለው የቴራፒስቱ ጣት የግድ ፊትዎ ላይ መሆን የለበትም።

ስለ ጭንቀት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ጠንካራው ማስረጃ ያለው ለፒቲኤስዲ ነው። ጭንቀትዎ ከአንድ የሚታወቅ ክስተት የተነሳ ከሆነ ይህን ሕክምና ማሰብ ተገቢ ነው። መነሻው የማይታወቅ፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚያስጨንቅ ዓይነት ከሆነ ግን ሲቢቲ የተባለውን የንግግር ሕክምና መጀመሪያ መጠየቅ የተሻለ ይመስለኛል።

1. ጊዜው አሁን መሆኑን ያረጋግጡ

ይህ ሕክምና ቁስልን ይነካል። ሊሻልዎት ሲጀምር እንኳ ለጥቂት ቀናት ሊከብድዎት ይችላል። ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎት ለቴራፒስቱም ለሐኪምዎም አስቀድመው ይንገሩ፦

ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት። የሚጥል በሽታ። የዓይን ሕመም፣ በተለይ የሬቲና ችግር። እርግዝና። “ራሴን ስቼ ነበር፤ ሰዓቱ የት እንደሄደ አላውቅም” የሚያሰኝ ነገር ደጋግሞ መከሰቱ። መጠጥ፣ ጫት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ማብዛት። ከእነዚህ አንዱ መኖሩ ሕክምናውን በፍጹም አይከለክልም። ቅደም ተከተሉን ግን ይለውጣል። አንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት ቢታከም ይሻለዋል።

አሁንም አደጋ ውስጥ ያሉ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው ነው። የሚመታዎት ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ካለ፣ ወይም አሠሪዎ ፓስፖርትዎን ይዞ እያስፈራራዎት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት ከዚያ መውጣት ነው። ፍርሃትዎ እውነተኛ አደጋ እየጠቆመዎት ነው። እሱን ማደንዘዝ አይጠቅምዎትም።

2. ባለሙያውን ይምረጡ

ኢንተርኔቱ “በሰባት ደቂቃ ትራውማዎን ያጥፉ” በሚሉ ቪዲዮዎች ተሞልቷል። ነጥብ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለው። እባክዎ ከባድ ትዝታዎን ይዘው ብቻዎን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ፊት አይቀመጡ። ቪዲዮው ትዝታውን ሊከፍተው ይችላል፤ ሊዘጋው ግን አይችልም። ሲያለቅሱ አያይም። ሲደነዝዙ አያቆምም።

ዓለም አቀፉ የኢኤምዲአር ማኅበር ኢምድሪያ የሚያጸድቀው መሠረታዊ ሥልጠና 50 ሰዓት ነው። 20 ሰዓቱ ትምህርት፣ 20 ሰዓቱ በክትትል የሚደረግ ልምምድ፣ 10 ሰዓቱ ደግሞ ምክክር ነው። ይህን የሚወስዱት ቀድሞውኑ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ በድረ ገጹ ላይ የባለሙያዎች ማውጫ አለው። በአውሮፓና በእስራኤልም ብሔራዊ ማኅበራት አሉ፤ የሠለጠኑ ሰዎችን ስም ከነሱ ማግኘት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ በሚቀርብዎት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ይጠይቁ። እዚያ የሚያገኙት ባለሙያ በዚህ ዘዴ ባይሠለጥን እንኳ ሁኔታዎን ይመረምራል።

ስም ካገኙ በኋላ ለትውውቅ አጭር ጥሪ ይጠይቁ። በዚያ ጥሪ ላይ እነዚህን ይጠይቁ፦

የሥራ ፈቃድዎ ከየት ነው? እኔ ያለሁበት አገር ወይም ስቴት ላለ ሰው ማከም ይፈቅድልዎታል? በአሜሪካ ዋናው ነገር ታካሚው በጥሪው ሰዓት የተቀመጠበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ የምትኖር ሴት እህቷን ልትጠይቅ ቴክሳስ ከሄደች ክፍለ ጊዜው ላይፈቀድ ይችላል።

ሥልጠናውን ጨርሰዋል? በኦንላይን ምን ያህል ሠርተዋል? በመሃል መስመር ቢቋረጥ ምን ያደርጋሉ? ዋጋው ስንት ነው? ኢንሹራንሴን ይቀበላሉ? ብሰርዝ ይከፈላል?

ስለ መስመር መቋረጥ ለጠየቁት ግልጽ መልስ የሌለው ሰው ገና አልተዘጋጀም። “ሙሉ በሙሉ እንደምትድን ዋስትና እሰጣለሁ” ያለዎትን ደግሞ አመስግነው ይተዉት።

3. በየትኛው ቋንቋ?

ሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች እንኳ መከራቸውን የሚያስታውሱት በአማርኛ ነው። በአማርኛ የሚሠራ ባለሙያ ካገኙ ጥሩ። ካላገኙ አስተርጓሚ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ በቪዲዮ ጥሪ ሦስተኛ መስኮት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምለው አለ። ልጅዎን፣ ባልዎን ወይም ሚስትዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጅ የእናቱን የመከራ ታሪክ ተርጓሚ መሆን የለበትም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ናት፤ ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ስለዚህ ከሌላ ስቴት ወይም ከሌላ አገር የሆነ ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሲገባ ካወቁት ወዲያውኑ “እንተዋወቃለን፤ ሌላ ሰው ይሁንልኝ” ማለት መብትዎ ነው። በይሉኝታ አይቀበሉ።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ሦስታችሁ አንድ ላይ ደንብ አውጡ። ዓይንዎ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ አስተርጓሚው ዝም ይላል። የሚሉትን እንዳሉት ያስተላልፋል፤ አያሳምርም፤ አያሳጥርም። “ሆዴ ባባ”፣ “ልቤ ቁርጥ አለ”፣ “ራሴን ያቃጥለኛል” ካሉ እንዲያው ይተርጎም። ይህ ሕክምና ስሜቱ በሰውነት ላይ የት እንደሚሰማ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለው አነጋገር ለቴራፒስቱ ትልቅ መረጃ ነው።

4. ክፍሉን ያዘጋጁ

የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ክፍለ ጊዜው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከፊቱና ከኋላው ትንሽ ጊዜ ጨምሩበት። ቤተሰብ ካለ “ስብሰባ አለብኝ፤ እስክወጣ አታንኳኩ” ማለት ይበቃል። ድምፅ እንዳይወጣ ከበሩ ውጭ ራዲዮ ወይም ቬንትሌተር ይክፈቱ። ትንንሽ ልጆች ካሉ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል። እያለቀሱ እያለ ልጅ ገብቶ ቢያይዎት ለእሱም ለእርስዎም ይከብዳል።

ክፍል የሌለው ሰውስ? የቆመ መኪና ውስጥ የሚታከሙ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ ከሆነ ይሠራል። በአሠሪ ቤት የምትኖር እህት ግን ቤቱ ውስጥ ካሜራ እንዳለ ካወቀች እዚያ ባትጀምረው ይሻላል። የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ ጓደኛ ቤት ብትሄድ ትችላለች።

አልጋ ላይ ተኝተው አይታከሙ። በተለይ መጥፎው ነገር የደረሰው መኝታ ቤት ከሆነ። ጀርባ ያለው ወንበር ይምረጡ፤ እግርዎ ወለል ይንካ። አጠገብዎ ውኃ፣ ሶፍት፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ይኑር። ሽታው የሚያረጋጋዎት ነገር ካለ፣ ሎሚም ይሁን የተቆላ ቡና፣ ያቅርቡት። ጾመኛ ከሆኑ ቀጠሮውን ከምግብ ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድ ይህን ሥራ መሥራት አድካሚ ነው። በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ ይሻላል።

5. ዕቃና መስመር

ስልክ ይሠራል፤ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ግን በጣም ይሻላል። በስልክ ስክሪን ላይ ነጥቡ የሚሄድበት ርቀት አጭር ስለሆነ ዓይንዎ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስልክ ብቻ ካለዎት ዓይኑን ትተው በእጅ መንካቱን ይጠቀሙ፤ ከዚህ በታች አሳያለሁ። ስልኩን በእጅ አይያዙ፤ በመጽሐፍ ወይም በሳጥን ደግፈው ያቁሙት።

ካሜራው ፊትዎን፣ ትከሻዎንና እጆችዎን ማሳየት አለበት። ቴራፒስቱ አተነፋፈስዎን፣ የትከሻዎን መወጠር፣ የጉንጭዎን ቀለም ያያል። መስኮት ከኋላዎ ካለ ፊትዎ ይጨልማል፤ መብራቱ ከፊት ይሁን። ከስክሪኑ የክንድዎን ያህል ይራቁ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ዓይን ስለሚያደርቅ ያውልቁት።

በድምፅ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ጆሮ ያለው ማዳመጫ ያስፈልጋል። ሽቦ ያለው ኢርፎን ይመረጣል፤ ባትሪው አያልቅም።

የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ ፓኬጅዎን አስቀድመው ይሙሉ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ላፕቶፑን ቻርጅ ያድርጉ፤ የስልክ ዳታም ለመጠባበቂያ ይኑር። በኢሜሬትስ የዋትሳፕ የቪዲዮ ጥሪ ስለማይሠራ በየትኛው መተግበሪያ እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ሞክሩ።

ሰዓቱንም ይጠንቀቁ። “በ3 ሰዓት” ሲባል በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? በጽሑፍ ያረጋግጡ። አሜሪካ በመጋቢትና በኅዳር አካባቢ ሰዓቷን ትቀይራለች፤ አዲስ አበባ አትቀይርም። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት የሚያልፍ ቀጠሮ ብዙ ነው።

6. መስመር ቢቋረጥ

ከኦንላይን ሕክምና ሁሉ ከባዱ ጊዜ ይህ ነው። ትዝታው ተከፍቶ፣ እንባ እየወረደ፣ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዕቅዱ በወረቀት ተጽፎ አጠገብዎ ይቀመጥ።

ቴራፒስቱ የስልክ ቁጥርዎን፣ በዚያ ሰዓት ያሉበትን ሙሉ አድራሻና የአንድ የሚያምኑትን ሰው ቁጥር ይያዝ። ጥሩ ባለሙያ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ “ዛሬ የት ነህ?” ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ነውና አይክፋዎት። መስመር ከተቋረጠ ማን ለማን እንደሚደውልም ይወሰን። እኔ ብጠየቅ ቴራፒስቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በተራ ስልክ እንዲደውል አደርጋለሁ።

እስኪደውል ድረስ እርስዎ ትዝታውን አይቀጥሉ። ዓይንዎን ክፍት ያድርጉ። እግርዎን ወለሉ ላይ ጫን ያድርጉ። ውኃ ይጠጡ። በክፍሉ ውስጥ የሚያዩአቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብለው ይጥሩ፦ “መጋረጃ፣ ስኒ፣ ጫማ...” ከዚያ የዛሬውን ቀንና ያሉበትን ቦታ ይናገሩ።

ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቴራፒስቱን አይጠብቁ። በአሜሪካ 988፣ በእስራኤል 1201፣ በእንግሊዝ 116 123 ይደውሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የድንገተኛ ቁጥር 112 ነው። በሳዑዲ አምቡላንስ 997፣ በኢሜሬትስ 998 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የሚቀርብዎትን ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።

7. ማረጋጊያዎቹን ቀድመው ይለማመዱ

የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ትዝታው ላይ አይገቡም። ቴራፒስቱ ታሪክዎን በጥቅሉ ይሰማል፤ ከዚያ ማረጋጊያ ያስተምራል። አንዳንድ ሰው “ገንዘቤ አለቀ፤ መቼ ነው የምንጀምረው?” ይላል። ተጀምሯል። ይህ የሕክምናው አካል ነው።

የጸጥታ ቦታ። ሰላም የሚሰማዎትን ቦታ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። የአያት ቤት ጓሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር። ሽታውን፣ ድምፁን፣ ብርሃኑን ያስተውሉ። አንድ ቃል ይስጡት። ቦታው ሐዘን የሚያስታውስ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሁን የፈረሰ ቤት ወይም የሞተ ሰው ያለበት ከሆነ፣ ይቀይሩት። የሚታወስ ቦታ ካጡ የሐሳብ ቦታ ቢሆንም ያስኬዳል።

ሳጥኑ። ያላለቀውን ትዝታ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚቆልፉበት ጠንካራ ሳጥን ያስቡ። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ።

የቢራቢሮ እቅፍ። በሜክሲኮዋ አካፑልኮ በ1997 ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታ በኋላ ከተረፉ ሕፃናት ጋር ሲሠሩ ሉሲና አርቲጋስና ኢግናሲዮ ሃሬሮ ያወጡት ነው። እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። የመሃል ጣቶችዎ ጫፍ ከአንገትዎ አጥንት ሥር ይረፍ። አሁን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ በቀስታ መታ መታ ያድርጉ። በአፍንጫ ይተንፍሱ። ለመረጋጋት ሲሆን ቀስ ይበሉ፤ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይበቃል። የጸጥታ ቦታውን እያሰቡ ያድርጉት። እነዚህን ብቻዎን፣ በየቀኑ፣ ደህና በሆኑበት ሰዓት ይለማመዱ። ከባዱን ትዝታ ግን ብቻዎን አይያዙ።

የማቆሚያ ምልክት። እጅ ማንሳት የተለመደ ነው። እጅዎ በካሜራው ውስጥ መታየቱን ይሞክሩ። ቴራፒስት ሲያከብሩ “አቁም” ማለት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ስለዚህ ሳያስፈልግዎትም አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክሩት፤ እጅዎ ይልመደው።

8. ክፍለ ጊዜው

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ወደ አዳማ ሲሄድ ሚኒባስ የተገለበጠበት ሰው አለ እንበል። ተርፏል፤ ግን ዛሬም መኪና ውስጥ ሲገባ ላብ ያጠምቀዋል።

ቴራፒስቱ በመጀመሪያ ትዝታውን በአንድ ምስል እንዲይዝ ይጠይቀዋል፤ ከሁሉ የከፋችዋን ቅጽበት። መስታወቱ የተሰበረበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። “ያንን ስታይ ስለ ራስህ ምን ትላለህ?” ይለዋል። “አልቆልኛል” ሊል ይችላል። “ምን ብታምን ትወዳለህ?” ሲባል “አልፏል፤ ተርፌያለሁ”። ይህ ጥሩ ሐሳብ አሁን ምን ያህል እውነት እንደሚመስለው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጣል። ምስሉ ምን ያህል እንደሚረብሸው ደግሞ ከ0 እስከ 10። በመጨረሻ “ሰውነትህ ላይ የት ይሰማሃል?” ይባላል። “ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል።”

ከዚያ ነጥቡ ስክሪኑ ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጭንቅላት አይዞርም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ነጥቡ ወደ ሃያ ምናምን ጊዜ ይመላለሳል። ቆም ይላል። “ተንፍስ። አሁን ምን መጣ?” ሰውየው ያየውን በአጭሩ ይናገራል። “እሺ፣ ከዚያ ቀጥል።” እንደገና ዙር።

በዚህ ጊዜ እንደ ባቡር ተሳፋሪ ይሁኑ፤ ውጪ ያለው ነገር በመስኮት ሲያልፍ ያያሉ እንጂ አይወርዱም። የሚመጣው ነገር ትዝታ ብቻ ላይሆን ይችላል። የሽታ ትዝታ፣ የሰውነት ሙቀት፣ ድንገት የልጅነት ነገር፣ ሳቅም ጭምር። ምንም ባይመጣ “ምንም” ይበሉ። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። ቴራፒስቱን ለማስደሰት “ቀንሷል” አይበሉ፤ ቁጥሩ 8 ከሆነ 8 ነው።

ዓይንዎ ቢያምዎ፣ ራስዎን ቢያዞርዎ ወይም ስክሪኑ ቢንቀጠቀጥ ይናገሩና ወደ ቢራቢሮ እቅፍ ወይም ወደ ድምፅ ይቀይሩ። ሩቅ የሄዱ ከመሰለዎት፣ ድምፁ ከርቀት ከመጣ፣ እጅዎ ከደነዘዘ ምልክቱን ያሳዩ። ቴራፒስቱ ይህን በስክሪን ሁልጊዜ ላያየው ይችላል።

የሚረብሸው ቁጥር ወደ 0 ሲጠጋ “አልፏል፤ ተርፌያለሁ” የሚለው ሐሳብ ከምስሉ ጋር ይያያዝና ተጨማሪ ዙር ይደረጋል። ከዚያ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ሰውነት ይፈተሻል፤ የቀረ ውጥረት ካለ ይሠራበታል። ሁሉም በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። ካላለቀ ሳጥኑ ይቆለፋል፤ ወደ ጸጥታው ቦታ ይመለሳሉ። ሳይረጋጉ ጥሪውን አይዝጉ። ሰዓቱ ቢያልቅም “ገና ነኝ” ይበሉ።

9. ከጥሪው በኋላ ያሉት ቀናት

ፊት ለፊት ሕክምና የሄደ ሰው ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ አለው። እርስዎ ላፕቶፑን ሲዘጉ ቤት ነዎት፤ ልጆቹ በሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ለራስዎ ግማሽ ሰዓት ይተዉ። ይታጠቡ፣ ውጪ ወጥተው ይራመዱ፣ ይብሉ። ወዲያው መኪና አይንዱ። ከቻሉ የሌሊት ሥራ ያለበትን ቀን አይምረጡ።

ድካም፣ ሕያው ሕልም፣ ሌሎች ትዝታዎች ብቅ ማለት የተለመደ ነው። በማስታወሻ ደብተር በአንድ መስመር ይመዝግቡ፦ ቀኑ፣ ምን መጣ፣ ከ0 እስከ 10 ስንት። ረጅም አይጻፉ፤ ይህ ሥራ ለቀጠሮው ይቆይ። በዚያ ምሽት አልኮል አይጠጡ። ለቤተሰብ “ዛሬ ደክሞኛል፤ ነገ እንጫወታለን” ይበሉ። ጎረቤት ቡና ቢጠራዎት ይሂዱ፤ ታሪኩን ግን እዚያ መተረክ አይጀምሩ።

ጸበል የሚጠመቁ፣ ጸሎት ወይም ሶላት የሚያደርሱ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ሕክምናው አይከለክለውም። የንስሐ አባትዎ ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ለቴራፒስቱም ይንገሩ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ። ከቀናት በኋላ ከመቅለል ይልቅ ከባሰ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይደውሉ።

10. እስከ መቼ?

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ያለፈውን በመመርመር ነው። ያቺ ምስል ዛሬ ስንት ናት? ለአንድ ነጠላ አደጋ ከሦስት እስከ ስድስት የሥራ ክፍለ ጊዜ የሚበቃበት ሁኔታ ብዙ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ለተደራረበ ነገር፣ ለእስር፣ ለረጅም ጦርነት ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ቴራፒስቶች ፒሲኤል 5 የተባለውን 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ በመጀመሪያና በመሃል ያስሞላሉ። ውጤቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የእርስዎ ነው።

መጨረሻ አካባቢ ስለ ወደፊቱ ይሠራል። የአዳማው ሰው በሐሳቡ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ወንበር ይይዛል፣ ረዳቱ “ሂሳብ” ሲል ይሰማል፤ ዙሩም በዚያ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በእውኑ አጭር መንገድ ይሞክራል፤ መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ቀጥሎ ብቻውን፤ ያየውንም ይዞ ይመለሳል።

ትዝታው ላይ ከስድስት ክፍለ ጊዜ በላይ ሠርታችሁ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በግልጽ ያንሱት። ምናልባት ሌላ ቀደም ያለ ትዝታ መጀመሪያ መሠራት ይኖርበታል። ምናልባት ከዓይን ወደ መንካት መቀየር፣ ወይም ከስክሪን ወጥቶ ፊት ለፊት መሄድ ያስፈልጋል። ሌላ ዘዴም አለ፤ ሲፒቲና ፒኢ የተባሉት የንግግር ሕክምናዎች ለፒቲኤስዲ ከሚመከሩት ናቸው። ቴራፒስቱ ወደዚያ እንዲመራዎት ቢጠይቁት ነውር የለውም። ፋይልዎንም አብሮ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ አዲሱ ባለሙያ ጋር ታሪኩን ከሀ ብለው እንዳይጀምሩ።